ግልጽ ደብዳቤ፦ በሽፋን ስም ለሚጻፈው ቃል ማን ይፈርማል?

ለመሥሪያ ቤታችን ዋና ኃላፊ፣
ለኢንተርኔት ክትትል ክፍል ኃላፊዎች፣
ሥራችንን የመቆጣጠር ሥልጣን ለተሰጣችሁ የምክር ቤት አባላት፤

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፦

እኛ በጀርመን አገር በአንድ የደህንነት መሥሪያ ቤት ውስጥ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ የምንሠራ የቋንቋ ባለሙያዎች ነን። የመሥሪያ ቤቱን ስም ያልጠቀስነው የገባነው የምስጢር ግዴታ ስለሚከለክለን ነው፤ እናንተ ግን ማን እንደሆንን ታውቃላችሁ። እዚህ የጻፍነው በሕግ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔና በጋዜጣ በይፋ የወጣውን ወይም የራሳችንን የሥራ ሁኔታ ብቻ ነው። በክትትል ላይ ያለ አንድም ጉዳይ አልነካንም። ደብዳቤውን በጀርመንኛም በአማርኛም ያዘጋጀነው፣ ጉዳዩ እዚህ አገር የሚኖረውን ወገናችንንም ስለሚመለከት ነው።

ለመጻፍ ያስገደደን በቅርቡ የደረሰን የውስጥ መመሪያ ነው። መመሪያው የሚመጡ መልእክቶች መጀመሪያ በማሽን እንዲተረጎሙ፣ የቋንቋ ባለሙያ የሚያየውም ማሽኑ ምልክት ያደረገበትን ብቻ እንዲሆን ያዛል። አንድ ባለሙያ የሚያገለግላቸውን የሽፋን አካውንቶች፣ ማለትም መሥሪያ ቤቱ በሐሰተኛ ስም ጽንፈኛ የኢንተርኔት ግሩፖች ውስጥ የሚያስገባቸውን፣ ከሦስት ወደ ሰባት አሳድጓል። ጽሑፍ ከመላኩ በፊት የሚያየውን ሁለተኛ አንባቢ አስቀርቷል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ ተረኛ ኃላፊ አይኖርም፤ አስቸኳይ ነገር ካለ ወደ አንድ የኢሜይል ሣጥን እንድንጽፍ ተነግሮናል። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትን። መልስ አላገኘንም።

ሥራውን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ፣ አንድ መልእክት እንዴት ተዘጋጅቶ እንደሚላክ እናስረዳ። አካውንቱን የሚይዘው ኦፊሰር መዝገቡን፣ ዓላማውንና ሕጉን ያውቃል፤ ቋንቋውን ግን ብዙውን ጊዜ አያውቅም። የ40 ሰከንድ ቮይስ ሲመጣ እኛ አዳምጠን በጽሑፍ እንገለብጣለን፣ እንተረጉማለን፤ ከሥሩም ተናጋሪው የየት አካባቢ ሰው እንደሚመስል፣ ቀልድ ይሁን ቁጣ፣ ለማን እንደተናገረ ማስታወሻ እናክላለን። ኦፊሰሩ «ሰውየው አሁን የት ከተማ እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ» ይላል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በአማርኛ ማንም ሰው ዘሎ አይጠይቅም። «ጠፋህ እኮ፣ ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና?» ተብሎ ይጀመራል፤ ስለ ብርዱ ወይም ስለ ሥራው ይወራል፤ ከተማው ከዚያ ሳይጠየቅ ይወጣል። ረቂቁን እኛ እንጽፋለን፣ ሁለተኛው አንባቢ ያየዋል፣ ኦፊሰሩ ይልከዋል፣ መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስድ ነበር። በሕግ ፊት ላኪው ኦፊሰሩ ነው። ቃሉ ግን የወጣው ከእኛ እጅ ነው፤ ቅሬታችንም ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

በማሽኑ እንጀምር። ማሽን አይግባ አንልም። መልእክት እንደ ጎርፍ በሚወርድባቸው ግሩፖች ለማጣራት ይረዳል። የተሳሳተው በር ጠባቂ መደረጉ ነው። አማርኛ በሞትና በእሳት የሚቀልድ ቋንቋ ነው። «ገደልከኝ እኮ» ያለ ሰው ስቋል ወይም አፍሯል። «በሳቅ ፈነዳሁ»፣ «ልፈነዳ ነው»፣ «እሞትላታለሁ»፣ ስለ እግር ኳስ ሲሆን ደግሞ «ዛሬ እንጨርሳቸዋለን»፤ ማሽኑ እነዚህን ሁሉ በቀይ አስምሮ ያመጣልናል። «አንድ ሐሙስ ነው የቀረው» የሚለውን ግን የቀን ቆጠራ አድርጎ ያልፈዋል፤ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ሰውየው ሊሞት ተቃርቧል ማለት መሆኑን ያውቃል። «የእጁን ያገኛል» እና «ይለይልን» የጦር መሣሪያ ስም ስለሌለባቸው አይያዙም። ሰሙን ተርጉሞ ወርቁን ይጥለዋል።

አንድ መልእክት በቅርብ እናሳይ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40 ላይ አንድ ወጣት በግሩፑ ውስጥ አራት ቃል ጻፈ፦ «አፉ በሉኝ። እናቴን አደራ።» ማሽኑ የመጀመሪያውን «አፍ በሉኝ» ብሎ ተረጎመው፤ የሁለተኛውን «አደራ» ዘሎ «እናቴን» ብቻ አስቀረ። ምልክት አላደረገበትም። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ደረቱ ይጠብበታል። ይህን የሚለው በጀልባ ባሕር ሊሻገር የተነሣ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገ ቀዶ ሕክምና የሚገባ፣ ራሱን ሊያጠፋ የወሰነ፣ ወይም ሌሎችን ሊገድል የተነሣም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ባለፉት ሦስት ሳምንታት ምን ሲል እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ነው። ያን መልእክት ያየነው ጠዋት፣ በአጋጣሚ ወደ ኋላ ስናነብ ነው። ልጁ ደህና ነበር፤ ወደ ሌላ አገር ሊሻገር ተነሥቶ ነበር። ደህና መሆኑ ግን አሠራሩ ትክክል ነበር አያሰኝም።

የቃል አሻሚነት የእኛ ቋንቋ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 በእንግሊዝ አገር ማንችስተር አካባቢ ስለ ሰርግ የሚያወራ ኢሜይል የጥቃት ቀጠሮ ነው ተብሎ ተነበበና ወጣቶች ታሰሩ፤ በዚያው አገር ክስ ሳይመሠረት ተለቀቁ። ከመካከላቸው አንዱ ለአሜሪካ ተላልፎ ኒውዮርክ ውስጥ ጥፋተኛ የተባለው በ2015 ነው። አንዲት ቃል ሁለት አገርና ስድስት ዓመት አድርሳለች። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለተኛው ጉዳይ ሰባት ማንነት መያዝ ነው። የሽፋን ማንነት ስም፣ ፎቶና ሲም ካርድ ሲሟላ የሚያልቅ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ነኝ ያለ አካውንት «ማዳም»፣ «ከፊል»፣ «ኢቃማ» ማለት አለበት፤ ስልክ የምትነካው ልጆቹ ሲተኙ ነው፤ ሳምንቷ የሚያርፈው ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜን ከእሑድ ጋር አጣምሮ ቅዳሜና እሑድ አረፍኩ ያለ ጸሐፊ አውሮፓ እንደሚኖር አጋለጠ። ድሬዳዋ ነኝ ያለ ልጅ «15 ሰዓት ላይ እንገናኝ» አይልም፤ 9 ሰዓት ይላል። ስለ ባለፈው ዓመት ሲያወራ ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ ይቆጥራል፤ ጳጉሜን አይረሳም። ከዚያ ፊደሉ አለ። አንዱ «ዓለም» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «አለም»፤ አንዱ «ፀሐይ» ይላል፣ ሌላው «ጸሀይ»፤ ገሚሱ አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋል። ሁሉም ትክክል ነው፤ ስህተቱ ያው ሰው ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ሲጽፍ ነው። የቡድኖቹ አድሚኖች ይህን ይቆጥራሉ። ሦስት ማንነት በአንድ ጭንቅላት ይያዛል። ሰባት ሲሆን የድሬዳዋው ጎረምሳ እንደ ጎጃም እናት ማውራት ይጀምራል።

ሲታወቅ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው ሁልጊዜ እኛ አይደለንም። ግሩፑ ውስጥ «ሰላይ አለ» የሚል ወሬ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመረመረው በቅርብ የገባው ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ምንም የማያውቅ ወጣት ነው። በእኛ የፊደል ስህተት የሌላ ሰው ልጅ ይደበደባል።

ድምፅን ደግሞ ለብቻው እናንሣ። «ቮይስ ላክ» የተለመደ መፈተኛ ነው። መመሪያው «አስፈላጊ ሲሆን የቋንቋ ባለሙያው ድምፅ ጥቅም ላይ ሊውል ይችላል» ይላል። የአበሻው ማኅበረሰብ በጀርመን ትንሽ ነው፤ ፍራንክፈርት ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሙኒክ ያለውን በድምፁ ይለያል። ድምፃችን አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ልጆቻችንም በዚያው ማኅበረሰብ ውስጥ ናቸው። ይህን ያለ ፈቃዳችን ማንም ሊወስንብን አይገባም።

አሁን ወደ ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ እንምጣ፦ ውስጥ ለመቆየት ምን ድረስ መናገር ይቻላል?

የፌዴራሉ የሕገ መንግሥት ጥበቃ ሕግ (በጀርመን «የሕገ መንግሥት ጥበቃ» የሚባለው የአገር ውስጥ ደህንነት ሥራ ነው)፣ ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አንቀጽ 9ሀ፣ ስውር ሠራተኛ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር እንቅስቃሴ ለመመሥረት ወይም ለመምራት እንዳይሰማራ ይከለክላል። መሳተፍን የሚፈቅደው የግለሰብ መብት እስካልነካ፣ በቡድኑ ዘንድ እስከተጠበቀና መረጃ ለማግኘት ግድ እስከሆነ፣ ከጉዳዩም ክብደት ጋር እስከተመጣጠነ ድረስ ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን የተጻፈው ስብሰባ ገብቶ ጥግ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ቴሌግራም ላይ ጥግ የለም። ሳምንቱን ሙሉ ዝም ያለ አካውንት ይባረራል፤ የሚጽፍ ደግሞ ግሩፑን ያሞቃል።

በተግባር ደረጃዎቹ እንዲህ ናቸው። መጀመሪያ ማንበብ ብቻ። ቀጥሎ ኢሞጂ ማስቀመጥ። ከዚያ ጥያቄ መጠየቅ። ከዚያ በደፈናው መስማማት፤ ከዚያ ሌላው የጻፈውን መርዝ ሼር ማድረግ፤ መጨረሻ ላይ ራስህ መጻፍ። ከጥያቄ ወደ መስማማት የሚደረገው እርምጃ ትንሽ ይመስላል፤ ነገሩ የሚበላሸው ግን እዚያ ላይ ነው። መስከረም 2022 የጀርመን ጋዜጦች የደህንነት መሥሪያ ቤቶች በመቶ የሚቆጠሩ የሽፋን አካውንቶችን በቀኝ አክራሪዎች መካከል እንደሚያንቀሳቅሱ ሲዘግቡ፣ የተነሣው ጥያቄም ይኸው ነበር፦ ተዓማኒ ለመሆን የሚጻፈው ጥላቻ ጥላቻውን ይመግባል ወይስ አይመግብም? 200 አባላት ያሉት ግሩፕ ውስጥ ዘወትር የሚጽፉት 12 ቢሆኑና ሦስቱ የመንግሥት ቢሆኑ፣ ከሚሰማው ድምፅ ሩቡ የእኛ ነው ማለት ነው። ያን ግሩፕ አደገኛ ብለን ሪፖርት ስናደርግ የራሳችንን ጽሑፍ እየቆጠርን ይሆናል።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። መጋቢት 18 ቀን 2003 የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ኤንፔዴ የተባለውን የቀኝ አክራሪ ፓርቲ የማገድ ክስ ያቋረጠው፣ የመንግሥት መረጃ አቀባዮች በፓርቲው አመራር ውስጥ ስለተገኙ ነው። ለሕዝብ የሚታየው የፓርቲው ቃል የትኛው የራሱ፣ የትኛው የመንግሥት እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ግንቦት 3 ቀን 2015 አሜሪካ ውስጥ፣ በቴክሳስ ጋርላንድ ከተማ፣ ሁለት የታጠቁ ሰዎች አንድ ዝግጅት ላይ ጥቃት ሲከፍቱ ከአጥቂዎቹ አንዱ አስቀድሞ ከኤፍቢአይ ስውር ሠራተኛ ጋር ይጻጻፍ ነበር። ስውሩ ሠራተኛ «ቴክሳስን ገነጣጥላት» የሚል ቃል ልኮለታል፤ ጥቃቱ ሲጀመርም መኪናው ከአጥቂዎቹ መኪና ኋላ ነበር። ይህ የታወቀው በሌላ ሰው ክስ ላይ በቀረበ የፍርድ ቤት ሰነድ ነው። ሁለት ቃል ናቸው። ሲላኩ ለሽፋን እንዲረዱ እንጂ ለሌላ አልታሰቡም ይሆናል።

የእኛ ቋንቋ ይህን ፈተና ያከብደዋል። አማርኛ ተናጋሪ ሲሰነባበት «በርታ» ይላል። ለተማሪም፣ ለሐዘንተኛም፣ ሥራ ለፈታም «በርታ»፣ «አይዞህ» ይባላል፤ ካልተባለ ሰውየው ምን ነካው ያሰኛል። አሁን አንድ ሰው ሌሊት ላይ «ሊያዩት ነው፣ ተዘጋጅቻለሁ» ብሎ ጻፈላችሁ። «በርታ» ብላችሁ ብትሰናበቱ በተለመደው አማርኛ ደህና እደር ማለት ነው፤ በጀርመንኛ ተተርጉሞ ችሎት ፊት ሲነበብ ግን «ጠንክረህ ቀጥል» ነው። ካላላችሁ ደግሞ ከሦስት ወር ወዳጅነት በኋላ ለምን ቀዘቀዛችሁ ይባላል። እኛ «ራስህን ጠብቅ» ወይም «እስኪ ነገ እናውራበት» የሚለውን እንመርጣለን፤ የመጀመሪያው ሙቀቱን ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ጊዜ ይገዛል። ይህን የመሰለ ምርጫ በሦስት ደቂቃ፣ ያለ ሁለተኛ አንባቢ፣ ለሰባት አካውንት ሊደረግ አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ሕጉ «ስውር ሠራተኛ» ሲል ኦፊሰሩን እንጂ የኮንትራት ተርጓሚን አለማሰቡ ነው። ቃሉ ወንጀል ነው ቢባል ኦፊሰሩ በሕግ የሚመካበት ነገር አለው። ቃሉን የጻፈው ተርጓሚ ምን አለው? ውላችን ላይ ያለው ስለ ሰዓት ክፍያና ስለ ምስጢር ብቻ ነው።

አራተኛ፣ መቼ ማስጠንቀቅ? በዚህ አገር የደህንነት መሥሪያ ቤት አያስርም፤ ፖሊስና ስለላ የተለያዩ ናቸው። መረጃው ለፖሊስ ካልተላለፈ ሰው ይሞታል። ከተላለፈ ደግሞ ጠበቃው «ምንጩ ማነው?» ይላል፤ ምንጩን ከሸሸግን ምስክርነቱ የስማ በለው ይሆናል፤ ከገለጽን ዓመት የተለፋበት አካውንት በአንድ ቀን ያልቃል። ሁለቱም ኪሳራ ነው፤ የትኛው እንደሚመረጥ የመወሰን ኃላፊነት የእናንተ ነው። ሐምሌ 24 ቀን 2016 አንስባክ በምትባለው የጀርመን ከተማ ቦምብ ያፈነዳው ሰው ጥቃቱ እስኪቀርብ ድረስ በስልኩ ከሌላ ሰው ጋር ይጻጻፍ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2019 ቬክተርስባክ በምትባለው የሄሰን ከተማ አንድ የ26 ዓመት ኤርትራዊ ወንድማችን በመንገድ ላይ በጥይት ተመታ፤ ተኳሹ ከዚያ በፊት መጠጥ ቤት ውስጥ ስደተኛ እንደሚተኩስ ሲናገር የሰሙ ሰዎች ነበሩ። ኢንተርኔትም እንደዚያ መጠጥ ቤት ነው። ብዙ ሰው ይፎክራል፤ አንዱ ይፈጽማል። የትኛው ፉከራ እንደሆነ ሌሊት ለብቻው የተቀመጠ ተርጓሚ ወስኖ ወደ ኢሜይል ሣጥን ቢጽፍ፣ ደብዳቤው የሚነበበው ሰው ቢሮ ሲገባ ነው።

አምስተኛ፣ እርስ በርስ መጋጨት። ጀርመን ውስጥ አንድ የፌዴራልና 16 የክልል የሕገ መንግሥት ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ፖሊሶቹና የወታደሩ ደህንነት ሲጨመሩ ስንቱ በየግሩፑ እንደሚቀመጥ አስቡት። በ2016 የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነ ሰው በቻት ለአክራሪ እስላማውያን የመሥሪያ ቤቱን መረጃ አቀርባለሁ ሲል የተያዘው፣ ያናገረው ሰው የዚያው መሥሪያ ቤት ስውር ሠራተኛ ስለነበረ ነው። ያ ጊዜ ጠቅሟል። በ2008 ግን ሲአይኤና ሳዑዲዎች መረጃ ለመሰብሰብ ያቋቋሙትን የጂሃዲስቶች መድረክ የአሜሪካ ጦር ኃይል በሳይበር ጥቃት አፍርሶታል። ጦሩ መድረኩ ኢራቅ ላሉ ወታደሮቹ አደጋ ነው አለ፤ ሰላዮቹ ዓይናችንን አጠፋችሁ አሉ። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። እኛ ግን አንድ አድሚን መርዝ ሲጽፍ አይተን ስድስት ሳምንት ስንከታተል ቆይተን የሌላ መሥሪያ ቤት አካውንት መሆኑን የምናውቅበት መንገድ የለንም። በ2007 በርሊን የተቋቋመው የጋራ የኢንተርኔት ማዕከል ለዚህ ዓይነት ቅንጅት የታሰበ ነው፤ የእኛ ክፍል አዲስ አካውንት ከማስገባቱ በፊት እዚያ ይጠይቅ።

ስድስተኛ፣ እምነት። የካቲት 27 ቀን 2008 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ኢንተርኔት ላይ የተነጋጋሪን ማንነት ማረጋገጫ ስለሌለ መንግሥት በሽፋን ስም መነጋገሩ ብቻውን መብት መንካት እንዳልሆነ፣ ጥበቃ የሚገባውን እምነት ተጠቅሞ በሌላ መንገድ የማያገኘውን መረጃ ከወሰደ ግን እንደሚሆን ወስኗል። ሚያዝያ 26 ቀን 2022 ደግሞ ስለ ባቫርያው ሕግ ሲወስን፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚሰማሩ ስውር ሠራተኞች አስቀድሞ በገለልተኛ አካል መፈቀድ እንዳለባቸው አስቀምጧል። እነዚህን እየጠቀስን የምንጠይቀው ስለ ልጆች ነው። አንድ የ17 ዓመት ልጅ የሽፋኑን ሰው «ጋሼ» ብሎ መጥራት ሲጀምር ነገሩ ከመረጃ አልፏል። አማርኛ ተናጋሪ «ጋሼ» ያለውን ሰው ጥላ አድርጎታል። አካውንቱ በአንድ ቀን ሲዘጋ ልጁ ሌላ ጋሼ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ከቀድሞው የባሰውን ነው። አካውንት የሚዘጋው ሥራው ስላለቀ እንጂ ልጁ ስለዳነ አይደለም። በፌዴራሉ የስደተኞች መሥሪያ ቤት ሥር ከ2012 ጀምሮ ልጃቸው ወደ አክራሪነት ሄደብን ለሚሉ ቤተሰቦች የምክር መስመር አለ፤ ልጁን ወደዚያ የሚያሻግር ዘዴ ከመዘጋቱ በፊት መታሰብ አለበት።

ስለምናየው ምስል ብዙ አንልም። ሚያዝያ 2015 ሊቢያ ውስጥ የተገደሉት ወገኖቻችን ቪዲዮ ሲወጣ ከአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር የወጡ ልጆች እንደነበሩበት የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ የለም። ሥልጠና ላይ «ድምፁን ዝጉ፣ መስኮቱን አሳንሱ፣ ቀለሙን ጥቁርና ነጭ አድርጉ» ይሉናል። ለተንታኝ ይሠራል። የእኛ ሥራ ግን ድምፁ ነው፤ ሰው በገዛ ቋንቋችን ሲማጸን እየደጋገምን ሰምተን ነው የምንገለብጠው።

አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። የእኛ ሰው «ጆሮ ጠቢ» የሚለውን ቃል ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ በደርግ ዘመን ጎረቤት ጎረቤቱን ያሳሰረበትን ጊዜ በቤቱ ይተርካል። በአገር ቤት ፖለቲካ የተቆጣ፣ ፌስቡክ ላይ የሚሳደብ፣ ሰልፍ የሚወጣ ሁሉ ጽንፈኛ አይደለም። የማሽኑ የቃላት ዝርዝር ውስጥ አሁን «ትግል»፣ «ነፃ አውጪ»፣ «ደም» የሚሉ ተጨምረዋል፤ በእነዚህ ቃላት ብቻ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ስም መዝገብ ውስጥ እየገባ ነው። ያ መዝገብ አንድ ቀን የሸሸው መንግሥት እጅ ቢገባ ማን ይጠየቃል?

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ሁለተኛው አንባቢ በየፈረቃው ይመለስ፤ ከመስማማት ደረጃ በላይ የሆነ ጽሑፍ ያለ እሱ አይላክ። ለአንድ ባለሙያ ሦስት አካውንት ይበቃል። ማሽኑ ቅደም ተከተል ያውጣ እንጂ የሰው ዓይን የማያየው መልእክት አይኑር፤ የቃላት ዝርዝሩም ቋንቋውን በሚያውቁ ሰዎች በየሦስት ወሩ ይታይ፣ ተራ የፖለቲካ ቃላት ይውጡ።

ከላይ የዘረዘርናቸው ስድስት ደረጃዎች በጽሑፍ ይቀመጡ፤ ከአራተኛው ጀምሮ ለእያንዳንዱ አካውንት የፈቀደው ኃላፊ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርም። ከአራተኛው በፊትም ግሩፑ ውስጥ የሌሎች መሥሪያ ቤቶች አካውንት መኖሩ ይጣራ፣ ስንቱ ጽሑፍ የመንግሥት እንደሆነ በሪፖርቱ ላይ ይገለጽ። በሽፋን ስም የሚጻፍ ቃል የሚያረቅ የቋንቋ ባለሙያ እንደ ኦፊሰሩ በሕግ እንዲሸፈን ውላችን ይሻሻል፤ አልጽፍም ያለ ባለሙያም ከፈረቃ እንዳይቀነስ በጽሑፍ ይረጋገጥልን። ድምፃችን ያለ እያንዳንዳችን የጽሑፍ ፈቃድ አይውጣ።

ሌሊት ስልክ የሚያነሣ፣ ለፖሊስ ይተላለፍ አይተላለፍ ብሎ በ15 ደቂቃ ውስጥ የሚወስን ተረኛ ኃላፊ ይመደብ፤ ውሳኔው «አይተላለፍ» ከሆነም ምክንያቱ በስሙ ይመዝገብ። ከ18 ዓመት በታች መሆኑ የታወቀ ወይም የተጠረጠረ ሰው ሲገኝ ጉዳዩ በ48 ሰዓት ውስጥ ለሕግ ክፍሉ ይቅረብ፤ የመዝጊያ እቅድ የሌለው አካውንትም አይከፈት። የሥነ ልቦና ድጋፉ ኮንትራተኞችንም ያካትት።

ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። እስከዚያ ፈረቃችንን እንሠራለን፤ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ከአራተኛው ደረጃ ጀምሮ ያለ ማንኛውንም ጽሑፍ ያለ ኃላፊ ፊርማ አናረቅም።

ከአክብሮት ጋር፣

በኢንተርኔት ክትትል ክፍል የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የሶማልኛ ቋንቋ ባለሙያዎች